የቅንጭብ ወተትና ዓይናችን



ዛሬ የምናገረው ስለ አጥር ነው። አጥር ማጠር ለእናንተ አዲስ ነገር አይደለም። እኔም አጥር እንዴት እንደሚታጠር ላስተምራችሁ አልመጣሁም፤ እሱን እናንተ ታስተምሩኛላችሁ። የመጣሁት በግቢያችን ዙሪያ ቆሞ ስለሚኖር አንድ ተክል ልነግራችሁ ነው። ይህ ተክል ከሌባና ከከብት ይጠብቀናል። ነገር ግን ካልተጠነቀቅንለት ዓይናችንን ይጎዳል። ስሙ ቅንጭብ ነው።

ቅንጭብን የማያውቅ ማን አለ? በቆላውና በወይና ደጋው ብዙ ቦታ በግቢ ዙሪያና በመንገድ ዳር ይታያል። ቅርንጫፉ እንደ እርሳስ ቀጭንና ድቡልቡል ነው። እሾህ የለውም። ቅጠልም ያለው አይመስልም። ጫፉ ላይ ትንንሽ ቅጠሎች ብቅ ይላሉ፤ ግን ቶሎ ይረግፋሉ። በሌላ ዛፍ ላይ ቅጠል የሚሠራውን ሥራ በቅንጭብ ላይ አረንጓዴው ቅርንጫፍ ይሠራል። ከፀሐይ ብርሃን ምግቡን የሚያዘጋጀው በዚሁ ቅርንጫፍ ነው።

ቅርንጫፉን ቀንጠስ ስታደርጉት ነጭ ነገር ጠብ ጠብ ይላል። መልኩ ወተት ይመስላል፤ እኛም ወተት እንለዋለን። ነገር ግን ስሙ እንጂ ግብሩ ወተት አይደለም። መርዝ ነው።

የዛሬው ንግግር ፍሬ ነገር ይህ ነው። ቅንጭብን ከአጥር ንቀሉ አልልም። ወተቱን ግን ከዓይናችሁ አርቁ። ዓይን ውስጥ ከገባ በዚያችው ደቂቃ በብዙ ውሃ እጠቡ። ከዚያ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን አትርሱ።

ቅንጭብ ለምን አጥር ሆነ?

ጥቅሙን ትተን ጉዳቱን ብቻ ብናወራ ፍርዳችን የተዛባ ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ ጥቅሙን እንናገር።

አንደኛ፣ ቅንጭብ ድርቅ ይችላል። ዝናብ ሲጠፋና ሌላው ሁሉ ሲጠወልግ እሱ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል።

ሁለተኛ፣ ለመትከል አያስቸግርም። ቅርንጫፉ ይቆረጣል፤ የተቆረጠው ጫፍ እስኪደርቅ ጥቂት ቀን ይቆያል፤ ከዚያ መሬት ላይ ይተከላል። ሥር ያወጣል። ዘር መግዛት የለም፤ ገንዘብ ማውጣት የለም።

ሦስተኛ፣ ከብት ደፍሮ አይበላውም። ግራርንና ሌላውን ቁጥቋጦ የምትመለምል ፍየል እንኳ ቅንጭብን ብዙ ጊዜ ትሸሸዋለች።

አራተኛ፣ ተጠጋግቶ ሲተከል እርስ በርሱ ተጠላልፎ ግድግዳ ይሆናል። ካልተከረከመ ከ5 ሜትር በላይ ይረዝማል።

ይህን ጥቅም ያወቅነው እኛ ብቻ አይደለንም። ቅንጭብ የአፍሪካ ተክል ነው። ነገር ግን ሕንዶችም አጥር አድርገውታል፤ ባሕር ተሻግሮ ብራዚል ድረስ ደርሷል። ሊኒየስ የተባለው ስዊድናዊ የዕፅዋት ሊቅ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1753 የሳይንስ ስም ሲያወጣለት ዩፎርቢያ ቲሩካሊ ብሎ ጠራው። ቲሩካሊ የሚለው ቃል የተወሰደው በደቡብ ሕንድ የሚኖሩ ሰዎች ተክሉን ከሚጠሩበት ስም ነው።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? ችግሩ አጥር መከርከም ስላለበት ነው። ቅንጭብ ዝም ብሎ ከቆመ ማንንም አይነካም። ማጭድ ወይም ገጀራ ሲነካው ግን ወተቱ ይፈሳል። አንዳንዴም ይፈናጠራል። አደጋው የሚደርሰው ያን ጊዜ ነው።

ወተቱ ለምን መርዝ ሆነ?

እስቲ እናስብ። ሚዳቋ ጠላት ሲመጣባት ትሮጣለች። ውሻ ይናከሳል። ዛፍ ግን መሮጥ አይችልም። ስለዚህ በቆመበት ራሱን የሚከላከልበት መሣሪያ ያስፈልገዋል። የግራር መሣሪያ እሾሁ ነው። ቅንጭብ እሾህ የለውም። የቅንጭብ መሣሪያ ወተቱ ነው።

ወተቱ በተክሉ ውስጥ በቀጫጭን ቱቦዎች ታምቆ ይኖራል። ቅርንጫፉ በትንሹ ሲሰበር የታመቀው ወደ ውጭ ይወጣል። የሚነክሰው እንስሳ አፉ ይቃጠልና ይተወዋል። እንግዲህ ከብት አጥራችንን የማይበላው በዚሁ መርዝ ምክንያት ነው። አጥሩን የሚጠብቅልንና ዓይናችንን የሚጎዳው አንድ ነገር ነው።

በወተቱ ውስጥ ቆዳንና ዓይንን የሚያቃጥሉ ልዩ ልዩ ቅመሞች አሉ። የሳይንስ ሰዎች ከእነዚህ አንዳንዶቹን ፎርቦልና ኢንጀኖል ከሚባሉት ወገን ይመድቧቸዋል። ስማቸውን መያዝ ግድ አይደለም። ሥራቸውን ማወቅ ግን ያስፈልጋል።

ሌላም ነገር አለ። ይህ ወተት የሙጫና የዘይት ጠባይ አለው። ሜልቪን ካልቪን የተባለ አሜሪካዊ ሳይንቲስት ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1961 የኖቤል ሽልማት ያገኘ ሰው ነው። በ1970ዎቹ ዓመታት ነዳጅ ሲወደድ፣ ይህ ሰው ከቅንጭብና ከዘመዶቹ ወተት ነዳጅ ማውጣት ይቻላል የሚል ሐሳብ አቀረበ። ይህን የምነግራችሁ ለወሬ አይደለም። ዘይትና ሙጫ ያለበት ነገር በጥቂት ውሃ ቶሎ አይለቅም። እጃችሁን ለቅለቅ ብታደርጉት ይጣበቃል እንጂ አይጠፋም። ለዚህ ነው ለእጅ ሳሙና፣ ለዓይን ደግሞ ብዙ ውሃና ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው።

ወተቱ ዓይን ውስጥ ሲገባ

በዓይናችን ፊት፣ ከብሌኑ በላይ፣ እንደ መስታወት የጠራ ስስ ሽፋን አለ። ብርሃን ወደ ዓይን የሚገባው በእሱ በኩል ነው። የቅንጭብ ወተት መጀመሪያ የሚያጠቃው ይህን ሽፋን ነው። ሽፋኑን ያቃጥለዋል፤ ላዩንም ይልጠዋል።

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው።

ዓይን በርበሬ እንደገባበት አጥብቆ ያቃጥላል።
እንባ አያቋርጥም።
ዓይን ደም ይመስላል። ቆቡም ያብጣል።
ብርሃን ማየት ያስቸግራል።
ነገር ሁሉ በጭጋግ ውስጥ እንዳለ ደብዝዞ ይታያል።

አሁን ልብ በሉ። ይህ መርዝ አንድ ክፉ ጠባይ አለው። አንዳንድ ጊዜ መጀመሪያ ላይ ሕመሙ ቀላል ይመስላል። ሰውዬው “ምን ችግር አለው፣ ይተወኛል” ብሎ ሥራውን ይቀጥላል። ማታ ግን ሕመሙ ይብሳል። በማግስቱ ጧት ዓይኑን መግለጥ ያቅተዋል። ጉዳቱ እስከ አንድ ቀን ድረስ እየባሰ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ሕመሙ ቀለል ብሏል ብላችሁ አትታለሉ።

ደስ የሚያሰኘው ነገር ግን አለ። ቶሎ የታጠበና ቶሎ የታከመ ዓይን አብዛኛውን ጊዜ በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ ይድናል። የሚታየው ይመለሳል። ችላ የተባለ ዓይን ግን በተላጠው ቦታ ላይ ሌላ ተሕዋስያን ይገባበትና ያመረቅዛል። ሲድንም ጠባሳ ይተዋል። ጠባሳው በብሌኑ ፊት ከሆነ ለዘለዓለም ያጨልማል። እንግዲህ በመዳንና በመታወር መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ ውሃና ፍጥነት ነው።

ወዲያውኑ ምን እናድርግ?

አንድ ሰው አጥር ሲከረክም ወተቱ ዓይኑ ውስጥ ገባ እንበል። አጠገቡ ያለ ሰው እንዲህ ያድርግ።

1ኛ፣ ሰውዬው ዓይኑን እንዳያሽ እጁን ይያዝለት። እጁም ላይ ወተት ይኖራልና ሲያሽ ይጨምርበታል። ማሸት ሽፋኑንም ይበልጥ ይልጠዋል።

2ኛ፣ የሚረዳው ሰው የራሱን እጅ በሳሙና ይታጠብ። ይህ ግን ፈጠን ተብሎ ይሁን።

3ኛ፣ ሰውዬውን ያስተኛው ወይም ያስቀምጠው። ራሱን ወደ ጎን ያዘንብለው። የተጎዳው ዓይን ከታች፣ ደህናው ከላይ ይሁን። እንዲህ ከሆነ የታጠበው ውሃ ወደ ደህናው ዓይን አይፈስም።

4ኛ፣ የዓይኑን ቆብ በሁለት ጣት ከፍቶ ይያዝ። ዓይኑ ከተጨፈነ ውሃው አይገባም።

5ኛ፣ ንጹሕ ውሃ በማንቆርቆሪያ ወይም በጆግ ከአፍንጫ በኩል ጀምሮ ወደ ጆሮ በኩል ቀስ አድርጎ ያፍስስ። በኃይል አይርጨው። ሰውዬው በመካከሉ ዓይኑን ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ያዙር።

6ኛ፣ ሳያቋርጥ ቢያንስ 15 ደቂቃ ይጠብ። ሰዓት ከሌለስ? እናንተ መቁጠር ተምራችኋል። ቀስ ብላችሁ፣ ሳትቸኩሉ ከ1 እስከ 1000 ቁጠሩ። አንዱን ቁጥር በአንድ ሰኮንድ ብትጠሩ ከ16 ደቂቃ በላይ ይሆናል። እንግዲህ ቁጥር መማር ዓይን ያድናል።

7ኛ፣ ሁለቱም ዓይን ከተነካ ሁለቱም ተራ በተራ እየተቀያየሩ ይታጠቡ። ፊትና ሽፋሽፍትም ይታጠብ። ወተት የነካው ልብስ ይውለቅ።

8ኛ፣ ከታጠበ በኋላ ሰውዬው ቢሻለውም እንኳ ወደ ጤና ኬላ ወይም ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ሲሄድ ሰው ይምራው። የተነካው በቅንጭብ ወተት መሆኑን ለሐኪሙ ይንገር።

“ንጹሕ ውሃ ባይኖርስ?” ትሉኝ ይሆናል። ለመጠጥ የምታስቀምጡትን ውሃ ተጠቀሙ። እሱም ከሌለ በአቅራቢያችሁ ካለው ውሃ የጠራውን ምረጡ። ንጹሕ ውሃ ፍለጋ ሩቅ እየሄዱ ጊዜ ማጥፋት አይገባም። መርዙ እስኪቀዳለት አይጠብቅም።

ምን አናድርግ?

በየአገሩ የተለያየ ልማድ አለ። አንዱ ቅቤ ይቀባል። አንዱ የጡት ወተት ያንጠባጥባል። ሌላው ቅጠል ጨምቆ ይጨምራል። ምራቅ እንትፍ የሚልም አለ። ይህን የሚያደርጉ ሰዎች ክፋት አስበው አይደለም። ሊረዱ ብለው ነው። ነገር ግን የተላጠ ዓይን ቁስል ነው። ቁስል ላይ ቆሻሻ ከገባ ያመረቅዛል። በተጨማሪም እነዚህን ስንፈልግ ውሃ የሚፈስበት ጊዜ ያልፋል።

ለሌላ ሕመም የተሰጠና በቤት የተረፈ የዓይን ቅባትም ሐኪም ሳያይ አይደረግ። አንዱን የሚያድን ቅባት ሌላውን ሊጎዳ ይችላል። ዓይንንም በጨርቅ አጥብቃችሁ አትሰሩ። ብርሃን ካስቸገረው ባርኔጣ ወይም ነጠላ ያጥላበት፤ ይበቃል።

ቆዳን ሲነካና ወደ አፍ ሲገባ

ወተቱ ቆዳን ሲነካ ያቀላል፤ ያቃጥላል፤ አንዳንዱን ሰው ውሃ የቋጠረ ቁስል ያወጣበታል። በሳሙናና በብዙ ውሃ ይታጠብ። እጅ ካልታጠበ ደግሞ አደጋው አላለቀም። ላብ ለመጥረግ፣ ዝንብ ለመከላከል እጃችን ስንት ጊዜ ፊታችንን ይነካል? ሰው የሚጎዳው በተፈናጠረው ብቻ ሳይሆን በገዛ እጁም ነው። ማጭዱና ገጀራውም ይታጠብ። እጀታው ላይ የተጣበቀው ወተት ነገ ሌላውን ይጠብቃል።

ወደ አፍ የገባ እንደሆነ አፍና ጉሮሮ ይቃጠላል፤ ያስታውካል፤ ሆድን ይቆርጣል፤ ያስቀምጣል። አፉን በውሃ ይጉመጥመጥና ይትፋ። አስገድዳችሁ አታስታውኩት፤ ሲወጣ ጉሮሮውን ዳግመኛ ያቃጥለዋልና። ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። በተለይ ሕፃን ከሆነ አትዘግዩ።

የመርዙን ኃይል ለማወቅ አንድ ነገር ልጨምር። በአንዳንድ የአፍሪካ አገሮች ሰዎች ይህን ወተት ኩሬ ውስጥ ጨምረው ዓሣ ያደነዝዙበታል። ኩሬ ሙሉ ዓሣ የሚያደነዝዝ ነገር ለሰው ሆድ ምን ያደርጋል? ፍርዱን ለእናንተ ትቻለሁ።

መድኃኒት ነው ስለሚባለው

አንድ አባት ተነሥተው፣ “ልጄ፣ ቅንጭብና ቁልቋል መድኃኒት ናቸው። አባቶቻችን ኪንታሮት ሲያጠፉበት ኖረዋል” ሊሉኝ ይችላሉ። አልክድም። ወተቱ ቆዳን ያቃጥላል፤ ስለዚህ ቆዳ ላይ የበቀለውንም ያቃጥላል። ነገር ግን ደህናውን ቆዳም አይምርም። ኪንታሮቱ ፊት ላይ ከሆነማ ለዓይን ቅርብ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ይሆናል። ኪንታሮት ቢቆይ አይገድልም። ዓይን ግን ከጠፋ አይተካም።

መጠጣቱ ደግሞ ከዚህ ሁሉ የባሰ ነው። ሆድ ያጸዳል ተብሎ የሚጠጣ አለ። ጠብታው ሲበዛ የሚለካለት ሰው የለም።

የቅንጭብ ዘመድ የሆነውን የቁልቋልን ወተት ከጤፍ ዱቄት ጋር ለውሶና ጋግሮ በእብድ ውሻ ለተነከሰ ሰው የማብላት ልማድም በአገራችን አለ። ይህን በግልጽ መናገር አለብኝ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለውም ማለት ይቻላል። ከመታየቱ በፊት ግን በክትባት ይከላከሉታል። በውሻ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ ይጠብ፤ በዚያው ቀን ለክትባት ይሂድ። ቁልቋል እየበላ የሚያጠፋው ቀን የሕይወቱ ቀን ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። ዴኒስ በርኪት የተባለ ሐኪም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1958 በኡጋንዳ ሕፃናት መንጋጋ ላይ ስለሚወጣ አንድ ካንሰር ጻፈ። በሽታው በስሙ ይጠራል። በእኛ አህጉር ለዚህ ካንሰር ዋና ምክንያት ተብለው የሚታወቁት አንድ ቫይረስና ወባ አብረው ነው። በኋላ ተመራማሪዎች በላብራቶሪ ሲሞክሩ የቅንጭብ ወተት ያንን ቫይረስ ከተኛበት እንደሚቀሰቅሰው አዩ። ይህ ማለት ቅንጭብ ያለበት ግቢ ሁሉ ካንሰር አለበት ማለት አይደለም። ማንም ሰው በዚህ አይደንግጥ። ነገር ግን እንዲህ ያለውን ነገር ደጋግሞ መቀባትና መጠጣት ምን ይጠቅማል?

አጥሩን እንዴት እንከርክመው?

“ሳይቃጠል በቅጠል” ይባላል። ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮኽ ውሻ አንሁን። ሥራ ከመጀመራችን በፊት እንዘጋጅ።

ውሃው ከማጭዱ ይቅደም። አጥሩ አጠገብ አንድ ጄሪካን ሙሉ ንጹሕ ውሃ፣ ማንቆርቆሪያና ሳሙና አስቀምጡ። ይህ ሳይዘጋጅ አንዲት ቅርንጫፍ አትቆረጥ።

ብቻችሁን አትሥሩ። ዓይኑ የተቃጠለ ሰው ውሃው የት እንዳለ አያይም።

እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ ልበሱ። ዓይን የሚሸፍን መነጽር ካገኛችሁ አድርጉ። የፀሐይ መነጽርም ቢሆን ከባዶ ዓይን ይሻላል።

ነፋሱ ከጀርባችሁ ይምጣ። ነፋስን ፊት ለፊት ይዞ መከርከም ጠብታውን ወደ ፊት ያመጣል።

ከራሳችሁ በላይ ያለውን ቅርንጫፍ ቀና ብላችሁ አትቁረጡ። ጠብታው በቀጥታ ዓይን ላይ ያርፋል። አጥሩ ሳይረዝም በየጊዜው ከርክሙት። በደረት ልክ ያለ አጥር ከላይ ወደ ታች ይቆረጣል።

ጠርጉ፤ አትተዉ። የተቆረጠውን ቅርንጫፍ ልጅና ከብት ከማይደርሱበት ቦታ ሰብስቡት። እርጥቡን ቅንጭብ እሳት ውስጥ አትክተቱ።

ሥራው ሲያልቅ መጀመሪያ እጅ፣ ቀጥሎ መሣሪያ፣ በመጨረሻ ልብስ ይታጠብ። ከዚያ በፊት ፊት አይነካ። ሕፃን አይታቀፍ።

ስለ ልጆችና ስለ ከብቶች

ልጆች ቅርንጫፍ ሰብረው ነጩ ሲንጠባጠብ ማየት ደስ ይላቸዋል። “ወተት” መባሉም ያሳስታቸዋል። እናት ለልጅዋ “ወተት ጠጣ” ትላለች፤ ልጁ ታዲያ ይህኛው ወተት ክፉ መሆኑን በምን ያውቃል? ስለዚህ ንገሯቸው። መቆጣት ብቻ አይበቃም። አሳዩአቸው፤ “ይህ ዓይን ያጠፋል” በሉ። እረኛ ልጆችን በተለይ ምከሩ። በቅንጭብ ቅርንጫፍ መደባደብ ጨዋታ አይደለም። ልጆች በሚጫወቱበት ሜዳ ዳር አዲስ አጥር ስትተክሉም ሌላ ተክል ምረጡ።

በሬ ወይም ላም አጥር ጥሳ ስትገባ ዓይኗ ሊነካ ይችላል። የምታነባና ዓይኗን የምትጨፍን ከሆነ ለሰው እንደነገርኳችሁ በብዙ ውሃ እጠቡላት፤ ለእንስሳት ጤና ሠራተኛም አሳዩ።

ከተማም ቢሆን ያው ነው

ይህ የገጠር ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአውሮፓና በአሜሪካ ሰዎች ቅንጭብን ለጌጥ በአበባ ዕቃ ተክለው ሳሎናቸው ውስጥ ያስቀምጡታል። የእርሳስ ቁልቋል ይሉታል። ጫፉ እንደ እሳት የሚቀላ ዓይነትም አላቸው። ከሩቅ አገር የመጣ ብርቅ ተክል ነውና መርዝ መሆኑን የማያውቅ ብዙ ነው። በአሜሪካና በሕንድ ያሉ የዓይን ሐኪሞች ተክሉን ሲከረክሙ ወተቱ ዓይናቸው ውስጥ ገብቶ ስለተጎዱ ሰዎች ጽፈዋል። ሕክምናውም የጀመረው ለእናንተ እንደነገርኳችሁ በውሃ ነው። እንግዲህ የከተማ ዘመድ ወይም ውጭ አገር የሚኖር ልጅ ያላችሁ፣ ስትጽፉለት ወይም ስትደውሉለት ይህን ንገሩት። እናንተ የምታውቁትን እሱ ላያውቅ ይችላል።

ለመሰናበት

ወንድሞችና እህቶች፤ ንግግሬን ልጨርስ ነው።

ፊደል ለመቁጠር ስንት ምሽት ደክማችኋል። ከሥራ ውላችሁ፣ ዓይናችሁ እንቅልፍ እያሸነፈው “ሀ ሁ” ብላችኋል። ዛሬ ደብዳቤያችሁን ራሳችሁ ታነባላችሁ። በስማችሁ ትፈርማላችሁ። የመድኃኒት ጠርሙስ ላይ የተጻፈውን ታያላችሁ። ይህን ሁሉ የምታደርጉበት ዓይን ነው። የብዙ ወራት ድካም በአንዲት ጠብታ መጥፋት የለበትም።

ይህን ያነበበ ላላነበበ ይንገር። አጥር ልትከረክሙ ማጭድ ስትስሉ የጎረቤታችሁን ልጅ “ውሃ አምጣ” በሉት። “ምን ያደርግላችኋል?” ብሎ ይጠይቃችኋል። ያን ጊዜ ንገሩት።



ካነበባችሁ በኋላ ተወያዩ

1. በቀበሌያችሁ ቅንጭብ የት የት ይገኛል? ልጆች ከሚጫወቱበት ቦታ ምን ያህል ይርቃል?
2. የቅንጭብ ወተት ዓይን ውስጥ ሲገባ በመጀመሪያ ምን ይደረጋል? ለምን ያህል ጊዜ?
3. ሕመሙ ቀለል ቢልም ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ለምን ያስፈልጋል?
4. በአካባቢያችሁ ለዓይን ጉዳት የሚደረገው ልማድ ምንድን ነው? ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?
5. አጥር ከመከርከማችሁ በፊት የምታዘጋጁትን ሁሉ በደብተራችሁ ላይ ጻፉ።